በስልክ ሽቦ አዲስ አበባ የገባው በሬ

ወረታ የገባሁት ባሌን ተከትዬ ነው። የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በሩዝ ጉዳይ እንዲሠራ ወረታ ወዳለችበት ወደ ፎገራ ወረዳ አዛወረው። ካገባን ገና ዓመት ስላልሞላን «ብቻህን ሂድ» ለማለት አልደፈርኩም። እኔ በዚያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ደንበኛ ማስቀመጥ፣ ሰዓት መያዝና የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ሲመጣ ማጽናናት ነበር። ልሰናበት ስሄድ አሠሪዬ ጓሮ ተከምረው አቧራ የጠጡ ሦስት ኮምፒውተሮች አሳየኝና በርካሽ እንድወስዳቸው አግባባኝ። አርጅተዋል ብዬ ሳመነታ፣ «እዚያ ያያቸው ሰው ስለሌለ አዲስ ናቸው» አለኝ። ነጋዴ ያደረገችኝ ይህች ቃል ናት።

ያኔ የኮምፒውተር ስክሪን እንደ ዛሬው ስስ አልነበረም። ጀርባው የተነፋ፣ ለመሸከምም ለመታቀፍም የማይመች ነገር ነበር። ሁለቱን በፍራሽ ጠቅልለን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጫንን። ሦስተኛውን ባሌ ለማንም አላምንም ብሎ በጋቢ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ታቀፈው። ጎሃ ጽዮን ላይ ለቁርስ ስንቆም ከጎኑ የተቀመጡ እናት አዘኑለትና ልጁን ምን እንዳመመው ጠየቁት። ባሌ መዋሸትም ማስረዳትም ሰለቸውና «መንገድ አይስማማውም» አላቸው። ሴትዮዋ የዓባይን በረሃ ወርደን እስክንወጣ በየኩርባው ጋቢው ላይ ሲያማትቡ ነበር። ጸሎታቸው ሳይሠምር አልቀረም፤ ከሦስቱ ረጅም ዕድሜ የኖረው እሱ ነው።

የተከራየነው ቤት ወደ ጎንደር በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙ ሳይርቅ ነበር። አከራያችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ለወሬና ለሙግት ሰፊ ጊዜ ያላቸው ሴት ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ እንደለመድኩት «እማማ» ብዬ ጠራኋቸው። ዘወር ብለው ከኋላቸው ሌላ አሮጊት እንዳለች አዩ። ከዚያ «እትየ በይኝ፤ እማማስ ገና ነኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትየ ሆኑ።

እትየ የፊት ለፊቱን ክፍል ምን ልሸጥበት እንደተከራየሁ ማወቅ ፈለጉ። ሩቅ ካለ ሰው ጋር የሚጻጻፉበት ነው አልኳቸው። ፖስታ ቤት ነዋ አሉ። ዜናም ይነበብበታል ስል ራዲዮ ነዋ አሉ። ሥዕልም ይታይበታል ስል ቴሌቪዥን ሆነ። ሁሉንም በአንድ ላይ ነው ብዬ ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው፣

«ታዲያ ወሬ ነው የምትሸጭ አትይኝም ልጀ?» አሉኝ።

በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይህን ሰምቷል። የከተማው ስም ራሱ ለቀልድ ይመቻል፤ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ወረታ ላይ ወሬ ቤት ከፈተች፤ ወሬዋን የሰማ ወረታዋን ሳይመልስ አይወጣም ተባለ። «ኢንተርኔት» የሚል ሰሌዳ በሰማያዊ ቀለም አስጽፌ በር ላይ ብሰቅልም፣ እዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ከመምህራኑና ከመንግሥት ሠራተኞቹ በቀር በዚያ ስም የጠራው የለም። የንግድ ፈቃድ ስጠይቅም ሰውየው ዘርፉን ፈልጎ አጣው። ፊልም ይታይበት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በግድ ካልሆነ አይታይም አልኩት። ያም ሆኖ ከቪዲዮ ቤቶች ተራ መደበኝ። በዚህ ምክንያት ለጥቂት ሳምንታት የከባድ መኪና ሾፌሮች በሩ ላይ ቆመው ዛሬ የማን ፊልም እንዳለ ይጠይቁኝ ነበር።

ኢንተርኔቱ የሚመጣው በስልክ ሽቦ ነው። መስመሩ ሲያያዝ መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ከዚያ እንደታነቀ አውራ ዶሮ ይጮኻል። እትየ ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ሮጠው ይመጡና «ምን አረግሽው?» ይሉኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ ዞን የመጡ መምህራን ይሰለፋሉ፤ ደብዳቤ ያነባሉ፣ ያስጽፋሉ። ሌላውን ቀን ግን ሩዝ ጭነው የሚያልፉትን መኪኖች እያየሁ እውላለሁ። ባሌ ማታ ሲገባ ሥራ እንዴት ዋለ ይለኛል፤ መኪኖቹ ደህና ናቸው እለዋለሁ።

እንዲህ ስንኖር አንድ የገበያ ቀን ረጅም ገበሬ ጎንበስ ብሎ ገባ። እድሜው ወደ ሃምሳው የሚጠጋ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ዱላውን የያዘ ሰው ነው። ዱላውን ከበሩ ጥግ አቆመና ኮምፒውተሩ ፊት ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» አልኩት። መልስ የለም። እትየ ከኋላ መጥተው፣ እዚህ አገር ጋሼ የሚባል እንደሌለ፣ «አያ» ብዬ እንድጠራው በጆሮዬ ነገሩኝ። አያ ስለው ወዲያው ዞረልኝ።

አያ ወሬ እንደምልክ ሰምቶ መምጣቱን ነገረኝ። አንድ በሬ አለው። እንደ እርሱ አነጋገር ከርብ ወንዝ ወዲህ አምሳያ የለውም። ለፋሲካ ሊሸጠው አስቦ ይፋግ ገበያ ሁለት ጊዜ ወስዶት ነበር። ነጋዴዎቹ ሽንጡን ይዳብሳሉ፣ ምላሳቸውን ያጮኻሉ፣ ከስቷል ይላሉ፣ ጥርሱን ያያሉ፣ አርጅቷል ይላሉ። ዋጋ መስበራቸው አይደለም የከነከነው፤

«በሬየን ይሰድቡብኛል። እሱ ደሞ ይሰማል» አለኝ።

ስለዚህ የበሬውን ወሬ አዲስ አበባ አድርሽልኝ ነው የሚለኝ። በሬ የሚያውቅ ሰው እዚያ ካለ ይምጣና ይየው፤ ከሌለም ይቅር።

ይህን ጊዜ አእምሮዬ በራ። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች መኪና፣ ቤት፣ ያገለገለ ሶፋ የሚያስተዋውቁበት አንድ ድረ ገጽ ከፍተው ነበር። ሶፋ ከተሸጠበት በሬ የማይሸጥበት ምን ምክንያት አለ? ለአያ ወሬ ብቻ ሳይሆን የበሬውን ፎቶግራፍ እልካለሁ አልኩት። ትንሽ አሰበና በሬው በፊት ፎቶግራፍ ተነስቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ባህሪውን አላውቅለትም አለ።

በቀጣዩ እሑድ ባሌ ከሥራ ጓደኛው ካሜራ ተዋሰና ወደ አያ መንደር በእግራችን ወጣን። የፎገራ ሜዳ በየካቲት መጨረሻ ላይ ለእግር ይመቻል፤ ውኃው ሸሽቷል፣ የሩዙ ቃርሚያ ደርቋል፣ ሽምብራና ጓያው በከረመው እርጥበት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ዓይን መድረሻ ተዘርግቷል። ዳገት የሚባል ስለሌለ ደርሻለሁ ብሎ ማረፍም አይቻል። የአያ ቤት ከሩቅ ይታየናል፤ እንሄዳለን፣ አሁንም ከሩቅ ይታየናል።

ስንደርስ ግቢው ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል። የአያ ሚስት በሬውን አጥባ፣ ቀንዱን ቅቤ ቀብታ፣ ከበረቱ ፊት ሣር ጎዝጉዛለታለች። በሬው እውነትም በሬ ነበር። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ ሻኛው የቆመ፣ እኛን ከላይ እስከ ታች አይቶ ሲያበቃ ወደ ሣሩ የተመለሰ። አያ ደግሞ የክት ነጠላውን በኮት ላይ ደርቦ ወጣና ከበሬው ፊት ለፊት ተገተረ። ባሌ በካሜራው ሲያይ ከአያ ትከሻ በላይ አንድ ቀንድ፣ ከእግሩ ኋላ አንድ ጅራት ብቻ ታየው።

«አያ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አለው።

«እኔ ተሌለሁ የማን በሬ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ብዙ ተከራከርን። በሬው ነው የሚሸጠው፣ እርስዎ አይደሉም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ሚስቱ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በመጨረሻ አያ ገመዱን ይዞ ከዳር እንዲቆም ተስማማን። እሱ ሲቆም ሚስቱም አጥቤው ሳበቃ እኔስ ብላ ከሌላው ዳር ቆመች። በሬው በዚህ ሁሉ መካከል አንዴም አልተነቃነቀም። ፎቶው ቤት ገብተን ስናየው ግን አንድ ማንም ያልጠራው ጎረቤት ከበረቱ አጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ ከሁሉም በላይ ሲስቅ ተገኘ። እንዳለ ላክነው።

መላኩ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የሚቀጥለው ገበያ ቀን ጠዋት አያ ከሚስቱ ጋር መጣ። እትየ ወንበር አወጡ። ያ የሳቀው ጎረቤትም ነበር። ፎቶውን ድረ ገጹ ላይ መጫን ስጀምር ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ዘንግ መጣ፤ ዘንጉ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ በሰማያዊ ይሞላል። አያ ይህ ምንድን ነው አለኝ። በሬው የሄደበት መንገድ ነው፣ ሲሞላ አዲስ አበባ ደረሰ ማለት ነው አልኩት።

እትየ ወዲያው ገባቸው። ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው መንገዱን ይነግሩን ጀመር። ዘንጉ ጥቂት ሲሞላ «ሐሙሲት አለፈ» አሉ። ትንሽ ቆይቶ ባሕር ዳር ገባ። ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን ሲያልፍ ከአፋቸው እየጠበቅን እናደምጣለን። ግማሹ ላይ ሲደርስ ደብረ ማርቆስ ምሳ ይብላ አሉና ለእኛም ዳቦ አመጡልን። ከበር ውጭ ያለው ሰው በዛ፤ ከውስጥ ያለው ለውጭው ያቀብላል። ደጀን ደረሰ ተባለ። ከዚያ ዘንጉ ቆመ።

ጠበቅን። አልነቃነቅ አለ። እኔ መስመሩ እንደደከመ ገብቶኝ ላቤ መጣ። እትየ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረው በተረጋጋ ድምፅ፣

«ዓባይ በረሃ ገብቷል። እዚያ ማንኛውም መኪና ይደክማል፤ እሱማ በእግሩ» አሉ።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ውኃ የሚያገኝበት ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፤ ጎረቤቱ ተራራው ሥር ዓባይ ራሱ አለ፣ ይጠጣል አላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘንጉ ተንቀሳቀሰ፣ ጎሃ ጽዮን ወጣ፣ እልል ተባለ። ፍቼ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብን። ያን ቀን በሬው ከወረታ ሦስት ጊዜ ተነስቶ በሦስተኛው አዲስ አበባ ገባ። አያ ዱላውን አንስቶ ሲወጣ ደክሞት ነበር።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ወሬ ጠፋ። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ አያ በየገበያው ይመጣና በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም በዓይኔ የለም እለዋለሁ። ደንበኛ ስለሌለኝ ለአያ የማዝንበት ጊዜ በዛልኝ። አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ቢሮዋ ውስጥ ሶፋ ስትፈልግ በሬ አግኝታ አሳይታዋለች። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቀልድ አያውቅም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሬው በእውነት ያን ያህል ነው ወይስ ሰዎቹ ናቸው አጭር? ሰውየው እንዲያውም ረጅም ነው አልኩት። ከሆሣዕና በፊት መጥቼ አየዋለሁ አለ።

ይህን ለአያ ስነግረው የጠበቅሁትን ያህል ደስ አላለውም። «አዩት ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ስንት ሰው? ድረ ገጹ የሚቆጥረው የተመልካች ቁጥር ብዙ መሆኑን ነገርኩት። ዱላውን አንስቶ ሄደ። ነገሩ የገባኝ ከባሌ ጋር እንደገና ወደ መንደሩ ስሄድ ነው። መንደሩ ሁሉ በሬውን ሊጠይቅ ይመጣል። ከአንበሳሜ በኩል የመጡ ዘመዶች ሳይቀሩ በሬው አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ያህል ደህና ገባህ ወይ ይሉታል። ሚስቱ ከክፉ ዓይን ይጠብቀው ብላ በአንገቱ ቀይ ክር አስራለታለች። አያ ለእርሻ እንኳ ጎረቤቱ ሲጠይቀው ሌላኛውን በሬ ስጡት ይላል። ባሌ ስንመለስ መንገድ ላይ «ይሄ በሬ አይሸጥም» አለኝ። ባሎች አንዳንዴ ያውቃሉ።

የሥጋ ቤቱ ባለቤት በተባለው ጊዜ መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ሳየው እንደ ድምፁ ወፍራም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። እትየ በጾም የመጣ የሥጋ ነጋዴ አይተው ስለማያውቁ እያዘኑ የሽምብራ ሽሮ በሩዝ እንጀራ አቀረቡለት። በልቶ ሲያበቃ እንዲህ ዓይነት ሽሮ በልቼ አላውቅም አለ፤ እትየ ከዚያ በኋላ ስለሱ ክፉ የተናገረ ሰው አይወዱም ነበር።

የአያ መንደር ስንደርስ ሰውየው ነጋዴዎቹ የሚያደርጉትን አንዱንም አላደረገም። አልዳበሰም፣ ጥርስ አላየም። ሁለት ጊዜ ዞረውና ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ለአያ የጠየቀውን እንደሚከፍል፣ አንድም ቃል እንደማይከራከር ነገረው። አያ መሬቱን በዱላው ጫር ጫር አደረገ።

«ጌታየ፣ በሬው አይሸጥም» አለ።

ሰውየው ያልሰማ መሰለው። ከአዲስ አበባ ድረስ ጠርታችሁኝ? አለ ወደ እኔ ዞሮ። እኔ ወደ አያ ዞርኩ፤ አያ ወደ በሬው ዞረ።

«ሰው ያላወቀው በሬ ይታረዳል። ይኸ ግን አገር አየው። አገር ያየውን ምን ብየ ለቢላ እሰጠዋለሁ?»

ሰውየው ተቆጣ። የደከመበትን መንገድ፣ የዘጋውን ሱቅ፣ የሰጠነውን ቃል እያነሳ ተናገረ፤ እውነቱን ነው። አያም ቃሌን አጠፍኩ፣ ወንጀሌ ነው፣ ግን አልሸጥም አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። እኔ በመሃል ቆሜ መሬት ብትከፈት ገብቼ ወደ ፒያሳ በወጣሁ እላለሁ። ነገሩ መላ ሲያጣ የአያ ሚስት የደብሩን ቄስ አስጠራች። የአያም የሚስቱም የነፍስ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለያቸው አረጋዊ። መስቀላቸውን አሳልመውን ተቀመጡና ከሁሉም ወገን ሰሙ። ሰምተው ሲያበቁ መጀመሪያ ያዩት ወደ እኔ ነው።

«ልጀ፣ ሥዕሉን አንች ነሽ የሰደድሽው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ታዲያ እንግዳውን የጠራው በሬው አይደለማ፤ መንደሩ ነው። መንደር የጠራው እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም። እናንተ ሌሎቹ፣ በሬ የላችሁም?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያ አጥር ላይ የሳቀው ጎረቤት እጁን አወጣ። እሱ ሁለት ሰንጋ ነበረው፤ ለካ ያን ቀን አንገቱን ያወጣውም እነሱም ፎቶ ይነሱልኝ ይሆናል ብሎ ነው። ቄሱ ሥጋ ነጋዴውን ይዘው ወደዚያ ግቢ ሄዱ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሁለቱም ሰንጋዎች ተሸጡ። ሰውየው ቁጣው ሲበርድ የአያን በሬ እንደገና ሊያይ ተመለሰና ከእሱ ጋር ፎቶ እንድናነሳው ለመነን። ከበሬው ፊት ቆመ፤ ሆዱ ከአያም የባሰ ሸፈነው። አያ ራሱ ሄዶ ክንዱን ይዞ «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ እንጅ» አለው።

ያ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ኋላ ሰማን። ደንበኛ የዚህ በሬ ሥጋ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰውየው ይህ ዘመድ ነው እያለ ይመልሳል አሉ።

ከዚያ ወዲህ የእኔ ሥራ ተቀየረ። ፎገራ ያለ ሰው ሁሉ የሚያሳየው ነገር እንዳለው ታወቀው። ላም፣ ሰንጋ፣ ሽንኩርት፣ የተፈተገ ሩዝ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያልተዳረች እህት። የመጨረሻዋን አልተቀበልኩም። የራሴን ካሜራ ገዛሁ፤ ሩዙን የጎንደርና የደሴ ባለሱቆች ያዩታል፣ ይደውላሉ፣ እኔ አገናኛለሁ። ወረዳው ውስጥ ካሉት ኃላፊዎች አንዱ መጥቶ ጉዳዩን በሪፖርት ሊያካትተው እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ አያ «ሞዴል አርሶ አደር» ሊባል ነው። አያ ስብሰባው ላይ ተጠርቶ ልምድህን አካፍል ሲባል ተነስቶ፣ በሬ ለመሸጥ ሄጄ ሳልሸጥ ቀረሁ፣ ልምዴ ይኸ ነው ብሎ ተቀመጠ። ከአዳራሹ በኩል ረጅም ጭብጨባ ነበር ይባላል።

በዚያው ክረምት ርብ ሞላና የአያ መንደር ውኃ ገባው። ሰዎቹ ከብቱን ይዘው ወደ ከፍታው፣ ወደ ዘመዱም ሸሹ። አያ በሬውን ይዞ የመጣው እኛ ቤት ነው፤ እትየ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በሬው ከኢንተርኔት ቤቱ ጎን፣ ከስልክ እንጨቱ ሥር ታሰረ። አንድ ከሰዓት መምህራኑ ተቀምጠው ደብዳቤ ሲያነቡ ስክሪኑ ሁሉ ቀጥ አለ። ብንወጣ በሬው አንገቱ በልቶት በእንጨቱ እያከከ ነው። እንጨቱ ዘሟል፣ ሽቦው መሬት ደርሷል። ጠጋኙ እስኪመጣ ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ወረታ ውስጥ እኛ ዘንድ አልነበረም። እትየ ለሚጠይቅ ሁሉ ሲመልሱ፣ አምጭው ያመጣውን ወሰደ ይሉ ነበር። በሬውን ግን አንድም ሰው አልሰደበውም።

ዓመቱ እየተገላበጠ ባሌ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወርበት ዕድል መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ምን ትያለሽ አለኝ። ወረታ በገባሁበት ሰሞን ቢሆን ሻንጣዬን በዚያው ሰዓት እሸከም ነበር። አሁን ግን የሚጫን ሩዝ ነበረኝ፣ የማርያም ጽዋ ተራዬ ደርሶ ነበር፣ እትየም ጉልበታቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት ሳቀና ወረቀቱን አጣጠፈው። ለአለቃው የሩዙ ሙከራ ገና አላለቀም ብሎ ነገረው። ሩዝ መቼ ሙከራው ያልቅና።

ኢንተርኔት ቤቱን የዘጋው ሞባይል ነው። መጀመሪያ መምህራኑ ቀሩ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ለማየት ለምን ወደ እኔ ይመጣሉ? ከዚያ ባጃጅ ነጂው ሁሉ እየነዳ ማየት ጀመረ። አንድ ጠዋት የአያ ትልቋ ልጅ፣ አግብታ በመስኖ ሽንኩርት የምታለማው፣ ስልኳን ቻርጅ ለማድረግ ገባች። ሽንኩርቷን ራሷ አንስታ፣ ራሷ ለጥፋ፣ ከመቀሌ ገዢ አግኝታለች። በባትሪ ችግር ብቻ ነበር የተቸገረችው። ስልኳ እስኪሞላ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳየችኝ፤ የብርሃን አያያዟ ከእኔ ይሻላል፤ ከፎቶዎቹ በአንዱም ላይ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ጎረቤት የለም። አንቺ ያሳደግሽው ሥራ እኮ ነው ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ማጽናናት የእኔ ሙያ ስለነበር አወቅኩባት፤ ደህና አድርጋ ነው ያጽናናችኝ።

ኮምፒውተሮቹ ሁለቱ ቀድመው ሞተው ነበር። ከዚያ የእትየን ክፍል የሩዝ መጋዘን አደረግሁት፤ ዛሬም የምተዳደረው በሱ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ አንድ ቀን አስነስቼ «የተፈተገ ሩዝ በጅምላ» አስጻፍኩበት። ጽሑፉን የሠራው ሰው ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየውና የቤቱን ስም መጻፍ እንደረሳሁ ነገረኝ። ምን ብለህ ትጽፋለህ አልኩት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነዋ አለና ሳይጠይቀኝ ከታች፣ በትንሹ፣ «ወሬ ቤት አጠገብ» ብሎ ጻፈበት። አጠገቡ ሌላ ወሬ ቤት እንደሌለ ነገርኩት። ይታወቃል፣ ግን ሰው በምን ያገኝሻል አለኝ፤ ቀለሙን ከድኖ ሄደ።